ምዕራፍ ሰባት፦ ሐሳብ መቀየር የሚቻልበት ቦታ

በጥር ወር አላስካ ውስጥ አራት ሰው የምትይዝ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ሊነሣ የተዘጋጀ አብራሪን እናስብ። ሌሊቱን የዘነበው ውኃ መንደርደሪያው ላይ ረግቶ ጠጥሯል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል፣ ተሳፋሪዎቹም ቀበቷቸውን አስረዋል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ልነሣ ወይስ ልቅር?

ጅጅጋ፣ ቀብሪ በያህ ወይም ሽኒሌ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው «እኛን ምን አገባን?» ቢል አይፈረድበትም። በእነዚህ ከተሞች የሚታወቀው በረዶ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር ነው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ያም ሆኖ ምዕራፉን በአላስካ የጀመርኩት አውቄ ነው። የበረዶ መንደርደሪያ ሌላውን ችግር ሁሉ ከመንገድ አስወግዶ አንዱን ብቻ ራቁቱን ያሳያል። ያ ችግር ደግሞ በጅጅጋ ሜዳ ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ በየወቅቱ ይመጣል፤ በሚያዝያ ጭቃ ይሆናል፣ በነሐሴ የተኛ ውኃ ይሆናል፣ በመጋቢት ቀትር ላይ ደግሞ ትኩስ አየር ይሆናል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር እንደሆነ፣ በአራተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠይቅ አይተናል። አሁን ሁለቱን ይዘን መሬት ላይ እንውረድ። ከበረራ ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ጎማ መሬት ሳይለቅ የሚወሰነው ነው።

በረዶ የሚወስደው

ብዙ ሰው በበረዶ ላይ መነሣት ያስቸግራል ብሎ ያስባል፤ መኪና በጭቃ ላይ ሲሽከረከር ስላየ ነው። መኪና የሚሄደው ሞተሩ ጎማውን አዙሮ፣ ጎማው ደግሞ መሬቱን ነክሶ ነው። የአውሮፕላን ጎማ ግን ከሞተሩ ጋር አይገናኝም፤ ዝም ብሎ ይንከባለላል። አውሮፕላኑን የሚጎትተው አየሩን ወደ ኋላ የሚገፋው ውልብልቢት ነው። መሬቱ አስፋልትም ሆነ ጠንካራ በረዶ ለውልብልቢቱ ለውጥ የለውም። እንዲያውም ብርድ አየሩን ጥቅጥቅ ስለሚያደርገው ሞተሩም ክንፉም ይበረታሉ። የአላስካው አብራሪ ሁሉ ነገር ከሰመረለት ከለመደው ቀድሞ ሊነሣ ይችላል።

ችግሩ ሁሉ ነገር ካልሰመረ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የዘይት ግፊት መለኪያው ቢወርድ፣ በር ቢከፈት ወይም እንስሳ ቢገባ አብራሪው ሞተሩን ቀንሶ ፍሬን መያዝ አለበት። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው ይነክሳል። በረዶ ላይ ግን የመያዝ ኃይሉ ከደረቁ በብዙ እጅ፣ በረዶው ላይ ውኃ ካለ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። መሪውም ይጠፋል፤ ከጎን የመጣ መለስተኛ ነፋስ አውሮፕላኑን እያንሸራተተ ከመንደርደሪያው ጠርዝ ሊያወጣው ይችላል።

እንግዲህ በረዶ መሄድን አይከለክልም። የሚወስደው መቅረትን ነው፤ ጉዞ ከተጀመረ በኋላ ሐሳብ የመቀየር መብትን።

ደርቦ ማለፍ

ይህን ለማየት ከጅጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ እንቁም። ከአወዳይ ጫት የጫነ ኤፍ.ኤስ.አር እየከነፈ ነው፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ድንበር መድረስ አለበት። ከፊቱ አንድ ሲኖትራክ ያዘግማል። ሾፌሩ ደርቦ ሊያልፍ ወደ ግራ ይወጣል።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በአእምሮው ሁለት ርቀቶች አሉ። አንዱ ሲኖትራኩን ጨርሶ አልፎ ወደ ቀኙ ለመግባት የሚፈልገው ርቀት ነው። ሌላው ፍሬን ይዞ፣ ፍጥነቱን ገድሎ፣ ከሲኖትራኩ ኋላ ተመልሶ ለመግባት የሚፈልገው ነው። መጀመሪያ ላይ መመለስ ቀላል ነው። እየገፋ በሄደ ቁጥር ግን ማለፊያው እያጠረ፣ መመለሻው እየረዘመ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዚያች ነጥብ በኋላ ከፊት አውቶቡስ ብቅ ቢልም ሾፌሩ የሚመርጠው ነገር የለውም። ደህና ሾፌር የሚባለው ይህችን ነጥብ ወደ ግራ ከመውጣቱ በፊት የሚያውቃት ነው። ጭነት ሲበዛ ማለፊያው ይረዝማል፤ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ሲኖር መመለሻው ይረዝማል። ሁለቱ በአንድ ቀን ከመጡ ከሲኖትራኩ ኋላ ማዝገም ነው።

የአውሮፕላን አነሣስም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ አስቀድሞ መታወቁ ብቻ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ አውሮፕላኖች ይህችን ነጥብ በፍጥነት ይለኳታል፤ ቪ-ዋን ይሏታል፣ የውሳኔ ፍጥነት ማለት ነው። ከቪ-ዋን በታች አንድ ነገር ከተበላሸ ይቆማል። ከቪ-ዋን በላይ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በቀረው ይነሣል፤ የቀረው መንደርደሪያ ለመቆም አይበቃምና።

በአገራችን ይህች ነጥብ በጣም የከበደችበት ቀን መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ፣ ከቪ-ዋን ጥቂት እንዳለፈ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። መቆም የማይቻልበት ፍጥነት ላይ ስለነበር ተነሣ። ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር ሁለቱም ሞተሮች ከዱት፣ ጎማውን ሳያወጣ መሬት ነክቶ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ልክ እንደ ጅጅጋው ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ፣ አየሩ የሳሳ ቦታ ነው። እዚህ የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ከነጥቧ ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት ጥቂት ሴኮንድ ብቻ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ግማሽ መንገድ፣ 70 በመቶ

ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ቪ-ዋን የለውም። ሞተሩ ከጠፋ የሚነሣበት ሌላ ሞተር ስለሌለው ሕጉ አላስቀመጠለትም። ስለዚህ አብራሪው ነጥቡን ራሱ ያበጃል። በመላው ዓለም የሚሠራበት ቀላል ደንብ አለ፦ መንደርደሪያው ግማሽ ላይ ስትደርስ ለመነሣት ከሚያስፈልግህ ፍጥነት 70 በመቶ ካልያዝክ፣ ተው።

ለምን 70? ለምን 50 አልሆነም? ፍጥነቱን በእኩል መጠን እየጨመረ የሚሄድ ነገር የሸፈነው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው። 0.7 በ0.7 ሲባዛ 0.49 ይሆናል፤ ግማሽ ማለት ይቻላል። ግማሽ መንገድ ላይ 70 በመቶ የያዘ አውሮፕላን መጨረሻው ላይ መቶውን ይሞላል። ግማሽ መንገድ ላይ 50 በመቶ ብቻ የያዘ ግን ከሚያስፈልገው ርቀት ሩቡን ብቻ ነው የሸፈነው፤ ለመነሣት የመንደርደሪያውን እጥፍ ይፈልጋል። የዓይን ግምት እዚህ ላይ ክፉኛ ያታልላል፤ «ግማሽ መንገድ፣ ግማሽ ፍጥነት» ለጆሮ ተመጣጣኝ ይመስላልና።

አሁን በረዶውን እንጨምርበት። 600 ሜትር የሚረዝም ሜዳ እንውሰድ፤ አውሮፕላናችን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣ ነው። 300 ሜትር ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይዟል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ተበላሸ። አብራሪው ነገሩን ለማየትና እጁን ለማንቀሳቀስ ሁለት ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ 40 ሜትር አለፈ። ደረቅ መሬት ላይ ከዚያ በኋላ ለመቆም 60 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ 200 ሜትር ይተርፋል። ጠንካራ በረዶ ላይ ወደ 190 ሜትር ይፈልጋል፤ ለጥቂት ይተርፋል። ውኃ ያዘለ በረዶ ላይ ግን ወደ 380 ሜትር ይፈልጋል፤ ሜዳው የቀረው 260 ብቻ ነው።

ሜዳው አላጠረም፣ ሞተሩም አልደከመም፣ ደንቡም አልተጣሰም። የተለወጠው የመመለሻው ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ መሬቱ ሲያንሸራትት የውሳኔው ነጥብ ከግማሽ መንገድ ወደ ኋላ፣ ወደ መነሻው መጠጋት አለበት። አንዳንድ ቀን ነጥቡ ተጠግቶ ተጠግቶ መነሻው ላይ ይደርሳል። የዚያን ዕለት ውሳኔው ሞተር ሳይነሣ አልቋል።

ሦስት ሚሊ ሜትር

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከጥቅምት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አየር ማረፊያዎች የመንደርደሪያቸውን ሁኔታ ከ6 እስከ 0 ባለ አንድ መለኪያ እንዲናገሩ አድርጓል። 6 ደረቅ ነው። 5 እርጥብ ነው። 1 በረዶ ነው። 0 ውኃ ያዘለ በረዶ ሲሆን በላዩ አይነሡበትም፣ አያርፉበትም። በመካከል ያለው አብዛኛው ስለ ተረገጠና ስለ ለጋ በረዶ የሚናገር ስለሆነ የእኛ አንባቢ ሊዘለው ይችላል።

አንዱን ቁጥር ግን አትዝለሉት። 2 ማለት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የተኛ ውኃ ማለት ነው። ለበረዶ ከተሰጠው በአንድ ብቻ ይርቃል። ሦስት ሚሊ ሜትር የጥቂት ሳንቲሞች ውፍረት ነው። በጅጅጋና በሲቲ አካባቢ ሶማሌዎች ከረን በሚሉት የክረምት ዝናብ ወቅት ከሰዓት በኋላ የሚወርድ አንድ ኃይለኛ ዶፍ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ውኃ አስፋልት ላይ ሊያስተኛ ይችላል። ጅጅጋ በረዶ የለም ያለ ሰው የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተሳስቷል ማለት ነው።

ውኃ ለምን እንዲህ ይሆናል? ጎማው በዝግታ ሲሄድ ውኃውን ወደ ጎን ገፍቶ አስፋልቱን ይነካል። ሲፈጥን ውኃው ለመሸሽ ጊዜ ያጣና ጎማውን ከሥሩ ያነሣዋል፤ ጎማው በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ሰዓት ፍሬን መርገጥ ትርፉ ጎማውን ማቆም ብቻ ነው፣ አውሮፕላኑን አይደለም። የናሳ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ለማንም የሚገባ ነው፦ የጎማውን የአየር ግፊት በፒኤስአይ ወስደህ ካሬ ሥሩን በ9 አባዛው፤ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት በኖት ታገኛለህ። በዓለም ላይ በብዛት የተሠራው ትንሽ አውሮፕላን፣ ሴስና 172፣ በኤስ ሞዴሉ የዋና ጎማው ግፊት 42 ነው፤ መንሳፈፊያው 58 ኖት፣ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚነሣው በ55 ኖት አካባቢ ስለሆነ ለጥቂት ይድናል። ጎማው ተንፍሶ ግፊቱ ወደ 30 ከወረደ ግን መንሳፈፊያው 49 ኖት ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ እያለ ፍሬኑን ያጣል። ጠዋት ጎማ የሚለካ አብራሪ ሥራ ፈት አይምሰላችሁ።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ለአስፋልት ነው። የጅጅጋ ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ አስፋልት ስላለው ለትንሽ አውሮፕላን እጅግ ሰፊ ነው። ከዋናው ማረፊያ ወጥቶ በአፈርና በጠጠር ሜዳ ላይ ለሚሠራ አብራሪ ግን ማንም ከ6 እስከ 0 አይነግረውም። በጅጅጋ ሜዳ ሰፊ ክፍል ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ስንጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ይለጠፋል። ዋልካ ከበረዶ የሚከፋበት አንድ ነገር አለው፤ በረዶ መመለሻውን ብቻ ሲያረዝም ዋልካ ማለፊያውንም ያረዝማል። ጎማው እየሰመጠ ፍጥነት አልጨምር ይላል፤ አብራሪው ተስፋ ቆርጦ ልቁም ሲል ደግሞ ያው ጭቃ ፍሬኑ ሥር ያንሸራትታል። እዚህ የሚሠራው መለኪያ እግር ነው። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሄዶ፣ ተረከዝን እየረገጡ፣ የት እንደሚሰምጥና የት እንደሚችል ማወቅ።

ሙቀት የሚወስደው

አሁን ወደ ሌላኛው ርቀት እንምጣ። የጫቱ መኪና ከልክ በላይ ሲጫን ማለፊያው ይረዝማል ብለን ነበር። ለአውሮፕላን ይህን የሚያደርገው ጭነት ብቻ አይደለም፤ አየሩም ነው።

በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በሞቀ ቁጥርም ይሳሳል። አብራሪዎች ሁለቱን በአንድ ቁጥር ያጠቃልሏቸዋል፤ «ይህ አየር በመደበኛ ቀን የስንት ሜትር ከፍታ አየር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ በጥግግት የተለካ ከፍታ ይባላል። መደበኛው ሙቀት በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ሆኖ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከመደበኛው በላይ ያለች እያንዳንዷ ዲግሪ አውሮፕላኑን 36 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ ታስቆጥረዋለች።

የጅጅጋን ሜዳ ለስሌት እንዲመች 1,700 ሜትር እንበለው። መደበኛው ሙቀት 4 ዲግሪ ይሆናል። ጠዋት በ12 ዲግሪ ከተነሣን 8 ዲግሪ ትርፍ አለ፤ አውሮፕላኑ 2,000 ሜትር ላይ ያለ ይመስለዋል። ቀትር ላይ በ28 ዲግሪ ከተነሣን 24 ዲግሪ ትርፍ አለ፤ ወደ 2,560 ሜትር ወጣ። መሬቱ ንቅንቅ አላለም። ሜትር ኩቡ አየር ግን ወደ 0.95 ኪሎ ወርዷል፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ውልብልቢቱ የሚነክሰውና ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ከባሕር ጠለሉ ከአምስት እጅ አንዱን አጥቷል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ስለሚዳከሙ ጉዳቱ ይደራረባል።

ድሬዳዋ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። ማረፊያዋ 1,166 ሜትር ላይ ናት፤ ከጅጅጋ በብዙ ዝቅ ትላለች። ሙቀቱ 36 ዲግሪ ሲሆን ግን አየሩ የ2,200 ሜትር አየር ይሆናል። የድሬዳዋ ቀትር ከጅጅጋ ጠዋት ይልቅ ለአብራሪ ከፍ ያለ ተራራ ነው። በቆላ ያለች ናት ብሎ በጭነት የሚደፍራት ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ማባዛት

አብራሪ የአውሮፕላኑ መመሪያ ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ ይጠቀማል። ሠንጠረዡ ግን በአዲስ አውሮፕላንና በሠለጠነ የፋብሪካ አብራሪ የተገኘ ነው፤ ለአሮጌ ሞተር፣ ለጭቃና ለድካም ቦታ አልተወም። የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለትንንሽ አውሮፕላኖች ያወጣው ምክር ለተራ አንባቢም የሚመች ስለሆነ በእሱ እንሂድ። ከፍታ በየ305 ሜትሩ ርቀቱን በ1.1 ያባዛዋል። ሙቀት በየ10 ዲግሪው በ1.1። ለስላሳ መሬት ቢያንስ በ1.25። 10 በመቶ የክብደት ጭማሪ በ1.2። በመጨረሻ ሁሉም ላይ 1.33 ለጥንቃቄ ይባዛል። አይደመሩም፣ ይባዛሉ፤ ምሥጢሩ ይህ ነው።

ሴስና 172ኤስ ሙሉ ክብደቱን ይዞ በባሕር ጠለል፣ በመደበኛ ቀን፣ ከቆመበት ተነሥቶ 15 ሜትር ከፍ እስኪል 500 ሜትር ያህል ይፈልጋል። የጅጅጋን ከፍታ ስናባዛበት 850 ሜትር ይሆናል። የቀትሩን ሙቀት ስናባዛበት ወደ 1,070 ይደርሳል። ዝናብ ያራሰው የአፈር ሜዳ ከሆነ 1,335። የጥንቃቄውን 1.33 ስናባዛበት 1,775 ሜትር። በ500 ሜትር ጀምረን እዚህ ደረስን። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ «ይኼማ ምን አላት» የሚባል ነበር።

ይህን ስሌት የምወደው ወደ ኋላም ስለሚሠራ ነው። ክብደቱን በ10 በመቶ ብንቀንስ፣ ለዚህ አውሮፕላን 116 ኪሎ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ከነሻንጣውና ጥቂት ነዳጅ፣ 1,775 ወደ 1,480 ይወርዳል። ቀትሩን ትተን በ12 ዲግሪው ጠዋት ብንነሣ ወደ 1,270። ሜዳው እስኪደርቅ ብንቆይ ወደ 1,015። ሞተር አልቀየርንም፣ ሜዳ አላስረዘምንም። «ልነሣ ወይስ ልቅር» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ያልተጠየቀ ነው፤ «መቼ፣ ምን ይዤ» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አለው።

አመዳይና ነፋስ

ጠዋት ሁሌም ወዳጅ ነው ማለት ግን አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ውጭ ያደረ ክንፍ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አየሩ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ በላይ እያለ እንኳ ክንፉ ላይ አመዳይ ሊጋገር ይችላል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ሰው አመዳይን ያውቀዋል፤ ቀጭን ነገር ነው። ክንፍ ግን ቅርጹ ሲሻክር አየሩ ተጣብቆ አይፈስበትም። እንደ ሻካራ የአሸዋ ወረቀት ያለ ስስ አመዳይ የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን መጎተት እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። የቀዝቃዛ አገር አብራሪዎች ጓንታቸውን አውልቀው ክንፉን በመዳፋቸው የሚዳብሱት ለዚህ ነው፤ ዓይን ጤዛውንና አመዳዩን ይቀላቅላል። ጅጅጋ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያሳስብ ነገር አይደለም፣ ሲያጋጥምም ፀሐይ በነፃ ታጥበዋለች። የሚያስከፍለው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ወደ ቀትሩ ያስጠጋል።

ስለ ነፋስ በስድስተኛው ምዕራፍ በቂ ብለናል። አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ከዚያ እስከ ጅጅጋ ሜዳ ድረስ ያለው አገር የሚከልለው የለውም። ከፊት ሲመጣ ስጦታ ነው። ከጎን ሲመጣ ለመያዝ የሚያስፈልገው የጎማው ንክሻ ነው፤ ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ የቻሉት የጎን ነፋስ እርጥብ መሬት ላይ ላይቻል ይችላል።

ቀድሞ የተጻፈ ቁጥር

እስካሁን ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን የሚያፈርሰው ሰው ነው። በሶማሌ ክልል ትንሽ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የሚበረው ቸኩሎ ነው። ክትባት ይጭናል፣ የታመመ ሰው ይጭናል፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ድጋፍ የአየር አገልግሎት እንደሚያደርገው የእርዳታ ሠራተኞችን ይጭናል። ወደኋላ የቀረው ሰው ስልክ ይደውላል። ባለሥልጣን ከጥላ ሥር ሆኖ ሰዓቱን ያያል። የጫቱን መኪና ሾፌር ወደ ግራ የሚያስወጣው የሞተሩ ኃይል አይደለም፣ የሚጠወልገው ቅጠል ነው።

እዚህ ላይ «ልምድ ያለው አብራሪ ያውቅበታል» የሚለው አባባል ብዙም አይዋጥልኝም። ልምድ ሜዳውን አያደርቀውም። እንዲያውም አሥር ጊዜ በጭቃ ተነሥቶ የተሳካለት ሰው አሥር ጊዜ የተማረው ትምህርት «ይቻላል» የሚለውን ነው፤ ያን ቀን ምን ያህል ሜትር ተርፎት እንደነበር የነገረው የለም። ቀዝቃዛ አገሮች ውስጥ በደህና የሚሠሩ አብራሪዎች የሚያደርጉት ሌላ ነው። ሰዎች ሳይመጡ፣ ማታ፣ በወረቀት ላይ ወሰናቸውን ይጽፋሉ፦ ከዚህ ሜትር በታች ሜዳ፣ ከዚህ ኖት በላይ የጎን ነፋስ፣ ከዚህ ዲግሪ በላይ ሙቀት ከሆነ የለሁበትም። ሜዳው ግማሽ ላይ ድንጋይ ያቆማሉ ወይም ጨርቅ ያስራሉ፤ ጨርቁ ጋ ሲደርሱ መለኪያው 70 በመቶውን ካላሳየ እጃቸው ሞተሩን ይቀንሳል። ጠዋት ላይ የሚከራከረው ባለጉዳይ የሚከራከረው ከወረቀቱ ጋር ነው። አብራሪው ደግሞ ከወረቀቱ ያነሰ እንጂ የበለጠ እንዲደፍር መብት የለውም።

ተሳፋሪም ከዚህ ውጪ አይደለም። አብራሪው «ሻንጣው ይቅር» ወይም «በሁለት ዙር እንሂድ» ሲል ነገሩን እንደ ድካም ወይም እንደ ፍርሃት የሚያየው ብዙ ነው። ያቺ ሻንጣ ስንት ሜትር እንደሆነች አሁን አስልተናል።

እስካሁን ያየነው መነሣትን ብቻ ነው። ማረፍ ሐሳብ መቀየሪያው የተገለበጠ ነው፤ እዚያ የሚያድነው መቆም ሳይሆን ተመልሶ ወደ ሰማይ መውጣት ነው፣ ያም የሚቻለው ጎማው መሬት ነክቶ ፍሬን እስኪያዝ ብቻ ነው። ያው የእንግሊዝ ምክር ለመነሣት 1.33 ያለውን የጥንቃቄ ቁጥር ለማረፍ 1.43 ያደርገዋል። ምክንያቱን በሚቀጥለው ምዕራፍ ከካራማራ ተረተር አልፈን ወደ ጅጅጋ ሜዳ እየወረድን እናየዋለን።